ጥለት ከጥለት የሚገጥምበት ስፌት

የሀበሻ ቀሚስ ተሰቅሎ ሲታይ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ደረቱ ላይ ነው፤ መስቀሉም ሐረጉም ያለው እዚያ ነውና። ሥራውን መመዘን የሚፈልግ ሰው ግን ጎንበስ ብሎ የግርጌውን ጥለት በጣቱ ይያዝና ወደ ጎን፣ ስፌቱ ወዳለበት ይከተለው። የፊቱ ጨርቅና የኋላው ጨርቅ የሚገናኙት እዚያ ነው። የጥለቱ የላይኛው መስመር ስፌቱን ሲሻገር የአንዲት ክር ታህል እንኳ ካልወረደ ወይም ካልወጣ፣ ግማሹ በፊተኛው ግማሹ በኋለኛው ጨርቅ ላይ የተሠራው ቅርጽም ሲገጥም አንድ ሙሉ ቅርጽ ከሆነ፣ ዲዛይነሯ፣ ሸማኔውና ልብስ ሰፊዋ ገና ድሩ ሳይወጠር ተነጋግረውበታል ማለት ነው።

ይህን ስፌት ሰፊዋ ብቻዋን ልታመጣው አትችልም። ሁለቱ ጨርቆች ከሸማኔው ዕቃ ላይ ሲወርዱ ጥለታቸው እኩል ከፍታ ከሌለው፣ የቱንም ያህል እጇ የሠለጠነ ቢሆን የላዩን መስመር ስታስተካክል የታችኛው ይዛነፍባታል። ሸማኔውም ብቻውን አያመጣውም። ጨርቁ የት እንደሚቆረጥ፣ ለስፌት ስንት ጣት እንደሚታጠፍ ያልተነገረው ሸማኔ የመጨረሻዋን ቅርጽ ጠርዙ ድረስ አድርሶ፣ ሙሉ አድርጎ ይጨርሳታል፤ ስፌቱ ደግሞ ግማሿን ይውጣታል። ሥራውን የሚያበላሸው የገዛ ጥንቃቄው ይሆናል። ዲዛይነሯ ወረቀት ላይ የሳለችው ቀሚስ ደግሞ ስፌት የለውም፤ በሥዕሉ ላይ ጥለቱ ግርጌውን ዞሮ ሳይቋረጥ ይሄዳል።

ስለ ፋሽን ዲዛይነሮችና ስለ ልብስ አምራቾች ግንኙነት ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ ውል፣ ስለ ዋጋና ስለ ቀጠሮ ነው። ሁሉም ያስፈልጋሉ፤ እመለስባቸዋለሁ። እኔን የሚደንቀኝ ግን ግንኙነቱ ጨርቁ ላይ ቀርቶ መገኘቱ ነው። ሁለት ሰዎች እንዴት እንደተነጋገሩ፣ ማን ማንን እንዳዳመጠ፣ ማን እንደቸኮለ ጨርቁን ዘርግቶ ማየት ይቻላል። በእጅ ሽመና ላይ ደግሞ ይህ ከየትኛውም ሥራ ይልቅ ጎልቶ ይወጣል፤ የሸማኔው እጅና የዲዛይነሯ ሐሳብ የሚገናኙት በእያንዳንዷ ክር ላይ ነውና።

ሽሮ ሜዳን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ግራና ቀኝ የተሰቀሉትን ቀሚሶች ሁሉም አይቶ ያልፋል። ከሱቆቹ ጀርባ ባሉት መንደሮችና ወደ ጉለሌ በሚወስዱት ቅያሶች ውስጥ ያሉትን የሸማኔ ቤቶች የሚያውቅ ግን ያንሳል። ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ወይም አባቶቻቸው ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ የመጡ ናቸው። የቤቱ ወለል ተቆፍሮ ጉድጓድ ይወጣለታል፤ ሸማኔው አፋፉ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ጉድጓዱ ይሰዳል፤ መርገጫዎቹ ያሉት እዚያ ነው። ከፊቱ ድሩ ተወጥሯል። ሲረግጥ ድሩ ለሁለት ይከፈላል፤ መወርወሪያውን በአንድ እጁ ሰዶ በሌላው ይቀልባል፤ ማጉን መትቶ ወደ ጨርቁ ያስጠጋል። የጨርቁ ወርድ እንግዲህ የአንድ ሰው ክንድ ከሚደርስበት አያልፍም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሜትር በታች ነው። የቀሚሱ ቅድ የሚጀምረው ከዚህ ልክ ነው። ይህን ልክ ሳታውቅ ሰፊ ቀሚስ የምትስል ዲዛይነር፣ ስፌቱ የት እንደሚውል የሚወስንላት ሌላ ሰው ይሆናል ማለት ነው።

ጥለቱ ሲመጣ ሥራው ይለወጣል። ጥለት በሌለው የጨርቁ ሜዳ ላይ መወርወሪያውን በፍጥነት ሲያመላልስ የነበረው ሰው ይቆማል። ከድሩ ላይ በጣቱ ክር ይቆጥራል፤ እነዚህን ያነሣል፣ እነዚያን ይተዋል፤ ባለቀለሙን ክር በተነሡት ሥር ያሳልፋል፤ ቀጥሎ ቀጭኑን ነጭ ማግ ወርውሮ ይመታል፤ ደግሞ ይቆጥራል። እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ተራ አለው። ፊቱ ላይ የተሰቀለ ሥዕል አይኖርም፤ ሥዕሉ ቁጥር ሆኖ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው ያለው። አንድ ቁጥር ከሳተ ወዲያው አይታወቅም፤ ቅርጹ ተጨርሶ ከጎኑ ካለው ጋር ሲተያይ ነው የሚጋለጠው፤ ያኔ መፍታት ነው።

አመታቱም አለ። ጠዋት ያልደከመ ክንድ ማጉን ጠቅጥቆ ይመታል፤ ወደ ማታ ክንዱ ሲዝል ምቱ ይላላል። ያኔ ያው ቁጥር፣ ያው ክር፣ ያው ጥለት በጥቂቱ ከፍ ብሎ ይወጣል። በአንድ ወርድ ለተሠራ ነጠላ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ጎን ለጎን ስለማይሰፉ፣ ይህ ብዙ አያሳስብም። ለቀሚስ ግርጌ ግን ያቺ ጥቂት ልዩነት ስፌቱ ላይ ደረጃ ሆና ትታያለች። የማውቃቸው አንድ አንጋፋ ሸማኔ የመጀመሪያውን ጥለት ሲጨርሱ ከፍታውን በአንዲት ስንጥቅ መቃ ላይ ልክ አድርገው ቆርጠው ያስቀምጣሉ። ሁለተኛውን ሲሠሩ መሐል መሐል ላይ መቃዋን አስጠግተው ያያሉ፤ ከፍ ካለባቸው ጠበቅ፣ ዝቅ ካለባቸው ላላ አድርገው ይመታሉ። የአንድ ቀሚስ ጥለቶች ሁሉ በተከታታይ ጠዋቶች፣ ብርሃኑ ከአንድ አቅጣጫ ሲገባ እንዲሠሩ ይፈልጋሉ፤ በመሐል ሌላ ሥራ አያስገቡም። ይህች መቃ በየትኛውም ውል ላይ አልተጻፈችም። ዋጋም አልወጣላትም። ከእሳቸው ቤት የወጣ ቀሚስ ጎኑ የሚገጥመው ግን በእሷ ነው።

ከእሳቸው ጋር የምትሠራ አንዲት ወጣት ዲዛይነር አለች። መጀመሪያ ይዛ የመጣችው ሥዕል የሚያምር ነበር፤ ሙሉ ክብ የሆነ አበባ፣ ቅጠሎቹ ወደ ውጭ የተቆለመሙ።

«ጋሼ፣ ይቺን እንዲሁ ክብ አድርገው ሊሠሩልኝ ይችላሉ?» አለቻቸው።

ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው አዩት። «ልጄ፣ እዚህ ክብ የለም፤ ደረጃ ነው ያለው። ደረጃውን ካሳነስነው ከሩቅ ክብ ይመስላል። ግን ክሩን ታቀጥኚልኛለሽ፣ ቀኑንም ትጨምሪልኛለሽ።»

በዚህች መልስ ውስጥ ቅርጹም፣ ዕቃውም፣ ጊዜውም፣ ዋጋውም አሉ። «አይቻልም» አላሏትም፤ እንዴት እንደሚቻልና ምን እንደሚያስከፍል ነገሯት። እሷም ሥዕሏን አልተከላከለችም። ቦርሳዋ ውስጥ የነበረውን ካሬ ደብተር አወጣችና አጠገባቸው ተቀመጠች። «አንዷ ካሬ ስንት ክር ትሁን?» ብላ ጠየቀች። አበባው ካሬ በካሬ እየተሞላ ወደ ደረጃ ተለወጠ፤ የተቆለመሙት ቅጠሎች ከሁለት ደረጃ በላይ መውረድ ስለማይችሉ አጠሩ፤ አጥረውም የተሻሉ ሆኑ።

የመጀመሪያው ናሙና ሲወርድ አበባው ረዝሞ ወጣ። ደብተሩ ላይ የነበረው ክብ ጨርቁ ላይ ሞላላ ሆነ። ሁለቱም የሠሩት ልክ ነበር። የደብተሩ ካሬ ወርዱና ቁመቱ እኩል ነው፤ በጨርቁ ላይ ግን ድሩ የሚሰፍርበትና ማጉ የሚሰፍርበት ጥግግት እኩል አይደለም። ባለቀለሙ ክር ወፈር ስለሚል፣ በየመሐሉም ነጩ ማግ ስለሚገባ፣ አሥር ካሬ በአሥር ካሬ የሆነው ነገር ወደ ላይ ይረዝማል። ዲዛይነሯ ናሙናውን በማስመሪያ ለካች። ቀጥላ ደብተሩን ትታ በራሷ እጅ ሌላ ወረቀት አሰመረች፤ ሳጥኖቹ ወርዳቸው ጠበብ፣ ቁመታቸው ረዘም ያለ፣ ልክ የእሳቸው ጨርቅ እንደሚያወጣው። አበባውን እዚያ ላይ እንደገና ሞላችው። ሁለተኛው ናሙና ክብ ሆነ፤ በቅርብ ሲታይ ደረጃ፣ ሁለት እርምጃ ራቅ ብለው ሲያዩት ክብ።

ያንን ወረቀት አሁንም ትጠቀምበታለች። የሚሠራው ግን ለእሳቸው ብቻ ነው። ሌላ ሸማኔ ሌላ አመታት አለው፤ ያው አበባ በሌላ እጅ ላይ ያጥራል ወይም ይረዝማል። እንግዲህ የዲዛይነሯ የሥዕል ወረቀት ራሱ በአንድ ሰው ክንድ ልክ የተሰመረ ነው። በዚህ ሙያ ውስጥ ስለ መግባባት ብዙ ምክር ሰምቻለሁ፤ ከዚህች ወረቀት የበለጠ ያሳመነኝ የለም።

ጀርባውንም ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል። ባለቀለሙ ክር ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው ሲሻገር በጀርባ በኩል ተንጠልጥሎ ያልፋል። ርቀቱ አጭር ከሆነ ጉዳት የለውም። ረጅም ከሆነ ግን ጣት ላይ ያለ ቀለበት ይይዘዋል፣ ጫማ ሲጠለቅ ተረከዝ ይጎትተዋል፤ አንዴ ከተጎተተ ፊት ለፊት ያለው ቅርጽ ይጨማደዳል። ስለዚህ ጎበዝ ሸማኔ ረጅሙን መንገድ በመሐል ላይ በአንዲት ድር ያስረዋል፤ ፊት ለፊት ነጥብ እንዳይሆን ደግሞ ተመሳሳይ ቀለም ካለበት ሥር ይደብቀዋል። ይህን የምታውቅ ዲዛይነር ከመነሻው ቅርጾቹን ተራርቀው እንዲቀመጡ አታደርግም፤ ወይም በመሐላቸው ትንሽ ነጥብ ጣል ታደርጋለች። ከፊት ለሚያየው ጌጥ የምትመስል ነጥብ ከኋላ ክሩን የምትይዝ ሆና ትገኛለች። እንዲህ ዓይነት ነጥብ ስመለከት ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው እንደነበር አውቃለሁ፤ ይህ ሐሳብ በስልክ የሚመጣ አይደለም።

ክሩን ማን ይግዛ የሚለው ጥያቄ የገንዘብ ብቻ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ነጋዴው ክሩን ሰጥቶ ለሸማኔው የእጅ ዋጋ ብቻ ይከፍላል። ሸማኔው ክሩን ራሱ ከገዛ ደግሞ ከገንዘቡ ላይ ለማትረፍ ከሚፈተንባቸው ነገሮች አንዱ ቀለሙ ነው። ርካሽ ቀይ ክር ከነጩ ጎን ሲያርፍ የሚያምር ነው፤ የመጀመሪያው እጥበት ላይ ቀለሙን ይለቅና ነጩን ሜዳ ወደ ሮዝ ይለውጠዋል። ከዚያ በኋላ ሸማኔው ዲዛይነሯን፣ ዲዛይነሯ ሸማኔውን፣ ደንበኛዋ ሁለቱንም ትወቅሳለች። ሌላው መኮማተሩ ነው። የእጅ ፈትል ከታጠበ በኋላ ይሰበሰባል፤ ከጎኑ ያለው የፋብሪካ ክር የዚያን ያህል አይሰበሰብም፤ ጥለቱና ሜዳው በተለያየ መጠን ሲያጥሩ ግርጌው ይንሻፈፋል። ስለዚህ ናሙናው መታጠብ አለበት። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተለክቶ ነው መጽደቅ ያለበት። ያቺ ዲዛይነር የምታደርገውን እወደዋለሁ፤ የጸደቀውን ናሙና መሐል ለመሐል ትቆርጠውና ግማሹን ለእሳቸው ትተዋለች፣ ግማሹን ይዛ ትሄዳለች። በኋላ ስለ ቀለሙ ወይም ስለ ጥግግቱ ነገር ቢነሣ ሁለቱም ግማሻቸውን ያወጣሉ።

ይህ ልማድ በፋብሪካ ዓለም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሚሰፋ አንድ ሸሚዝ ከእያንዳንዱ ስፌት ርቀት እስከ ቁልፉ ቀዳዳ ድረስ በጽሑፍ ተዘርዝሮ፣ ከጸደቀ ናሙና ጋር ነው የሚመጣው። የእጅ ሥራው ዓለም ከዚያ ሊወስደው የሚገባው ነገር ይህ ጽሑፍ ነው። ሊወስደው የማይገባውም ነገር አለ፤ ሸሚዙን የነደፈውና የሰፋችው አይተዋወቁም። ካልቪን ክላይንንና ቶሚ ሂልፊገርን የያዘው ኩባንያ ፒቪኤች እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 እዚያ የነበረውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮም አሜሪካ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ ከሆነው የንግድ ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ስታስወጣ፣ መርፌው ላይ የነበሩት ሴቶች ስማቸውን የሚያውቅ ዲዛይነር አልነበራቸውም።

ወደ ድሩ ልመለስ፤ ስለ ገንዘብ የሚነሣው ጭቅጭቅ ብዙ ጊዜ የሚወለደው እዚያ ነውና። ድር ማድራትና ዕቃው ላይ መወጠር ራሱን የቻለ ረጅም ሥራ ነው። አንዲት ዲዛይነር አንድ ቀሚስ ብቻ አዝዛ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሌላ ክር፣ ሌላ ወርድ ያለው ሌላ ቀሚስ ብታዝዝ፣ ሸማኔው ለእያንዳንዱ እንደ አዲስ ያደራል፤ ለዚህ ግን የሚከፍለው የለም። ብልሃቱ ቀላል ነው፤ ግን ዕቃውን አጠገቡ ሆኖ ያላየ ሰው አይመጣለትም። አንድ ረጅም ድር ይደራል፤ እዚያው ድር ላይ ማጉና ጥለቱ እየተለዋወጠ የተለያዩ ቀሚሶች ይሠራሉ። አንዱ ሰማያዊ ሐረግ፣ ቀጣዩ ወርቃማ ደረጃ፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለ ቀለም ነጭ በነጭ የሆነ። ዲዛይነሯ አሁን የአንድ ወቅት ሥራዋን የምታስበው በዚህ መንገድ ነው፤ «ይህ ድር ስንት ቀሚስ ያወጣል?» ብላ ትጀምራለች። ቀሚሶቹ ሲሰቀሉ አንድ ቤተሰብ የሚመስሉትም ለዚህ ነው፤ ድራቸው አንድ ነው።

የታዋቂዋ ሞዴል የሊያ ከበደ ድርጅት ለምለም ደስ የሚለኝም ንድፉ ከሸማኔው ሥራ ስለሚነሣ ነው። የኢትዮጵያ ሸማኔዎች ገበያቸው እየቀዘቀዘ መሆኑን አይታ እ.ኤ.አ. በ2007 የመሠረተችው ይህ ድርጅት ከታወቀበት ነገር አንዱ በስስ ጥጥ ላይ የሚሄዱ ባለቀለም መስመሮች ናቸው። መስመር ማለት ለሸማኔ ማጉን መለወጥ ነው፤ ቆጠራ የለበትም፣ እጁ የሚያውቀው ነገር ነው። ልብሶቹም ወለል ያሉ ናቸው፤ ጨርቁ ሰውነት ላይ እንዲጣበቅ ተብሎ ብዙ አይቆራረጥም። በእጅ የተሠራ ጨርቅ በተቆረጠበት ሁሉ ክሩ ይተረተራል፤ ጥቂት መቁረጥ ለጨርቁ ክብር መስጠት ነው። የካናዳዊቷ የካቲ ማርሻል ድርጅት ሳባሃር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በአዲስ አበባ ጥጥንና በጉሎ ቅጠል ከሚያድግ ትል የሚገኘውን ሐር ይዞ ቆይቷል። የእሱን የአንገት ልብስ በእጄ ስይዝ ደስ የሚለኝ ክሩ ወፈር ቀጠን የሚልበት ቦታ ሳይደበቅ መተዉ ነው። ፈታይዋ የፈተለችው ክር መልክ አለው፤ ሸማኔው ያንን መልክ ሳያፍንበት ሠርቶታል።

የቀን ነገር ደግሞ አለ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባልበት አገር ነውና ከገና በፊት ባሉት ሳምንታት ሽሮ ሜዳ ሌሊትም አይተኛም፤ ከጥምቀት ቀጥሎ የጥር ሠርግ አለ፣ ከፋሲካ በኋላም ሌላ ሠርግ። በዚያን ጊዜ ትዕዛዝ ይዞ መምጣት ሸማኔውን ከራሱ ጋር ማጣላት ነው፤ አመታቱ የሚላላው፣ የመቃው ልክ የሚዘነጋው ያኔ ነው። መስከረም ላይ ደግሞ የጋሞ ሰው ለመስቀል አገሩ ይገባል። መስቀል ለጋሞ ከበዓላት ሁሉ ትልቁ ነው፤ ሸማኔው ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ይዞ፣ ለእናቱም ለልጆቹም ገዝቶ ይሄዳል። ይህን የማታውቅ ዲዛይነር ለመስከረም መጨረሻ ቀጠሮ ትይዝና የተዘጋ በር ታገኛለች፤ «ሸማኔ ቀጠሮ አያከብርም» የሚለው ወሬም የሚነሣው ከዚህ ነው። የምታውቀው ደግሞ ክረምቱ ሲገባ፣ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ወቅት ትመጣለች። ሰውየው ያኔ ጊዜ አለው፤ ክንዱ አልዛለም፤ ገንዘቡም ለመስቀል ስንቅ ይሆነዋል። ከዚያ ወቅት የወጡ ጥለቶችን ከጥር ጥለቶች ጎን አድርጌ አይቻለሁ፤ ልዩነቱ በጣት ይታወቃል።

ስለ ቀብድ ብዙ አልልም። ቀብድ መከፈል አለበት፣ ናሙናም መከፈል አለበት። የተበላሸ ናሙና እንኳ የእጅ ዋጋ አለው፤ ያ የረዘመ አበባ ባይወጣ ኖሮ ያቺ ወረቀት አትሰመርም ነበር። ከገንዘቡ የሚከብደው ፍርሃቱ ነው። ዲዛይነሯ ሥዕሏ በሳምንቱ በጎረቤት ሱቅ ተሰቅሎ እንዳታገኘው ትፈራለች። ሸማኔው ናሙናውን በድካም ካወጣ በኋላ ትዕዛዙ ርካሽ ወደሚሠራ ሰው እንዳይሄድበት ይፈራል። ሁለቱም ፍርሃት ምክንያት አለው፤ ሁለቱም ደርሷል። ከውጭ እየታተመ የሚገባው ጥለት መሳይ ጨርቅ ገበያውን ከሞላው ወዲህ ደግሞ ሁለቱም ከአንድ ወገን እየተጎዱ ነው፤ የታተመው ጨርቅ ጀርባ የለውም፣ ደረጃም የለውም፣ ዋጋው ግን የሸማኔውን የክር ወጪ እንኳ አይሸፍንም። እንዲህ ባለ ጊዜ ሥዕልን ለመጠበቅ የተሻለው መንገድ ደብቆ መያዝ አይመስለኝም። ሌላ ሰው ሊሠራው እስኪያቅተው ድረስ አብሮ ማጥራት ነው፤ በአንድ ክንድ ልክ የተሰመረ አበባ ቢሰረቅም ሞላላ ሆኖ ይወጣል።

ስም ግን ዕዳ ነው። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፤ ሸማኔም በሙያው ከሚሰደቡት አንዱ ነበር። ስድቡ ዛሬ በአደባባይ አይሰማም። ስሙ ግን አሁንም የለም። ቀሚሱ መድረክ ላይ ይወጣል፣ የዲዛይነሯ ስም ይጠራል፣ ሞዴሏም ትታወቃለች፣ ፎቶ አንሺውም ፎቶው ጥግ ላይ ስሙን ያኖራል፤ እያንዳንዷን ክር ቆጥሮ ያነሣው ሰው አይነሣም። ይህ ልክ አይደለም፤ የዘመኑ ፋሽን ሰዎች ስለ ባህልና ስለ ቅርስ የሚናገሩትን ያህል ለዚህ ቢጨነቁ እወዳለሁ።

ያቺ ዲዛይነር ባለፈው ድር ላይ ይህን ለማድረግ ወሰነች። አንገቱ ሥር የሚሰፋው ሌብል ላይ ከእሷ ስም ጎን የሸማኔው ስም እንዲገባ ፈልጋ ልታስፈቅድ ሄደች። እሳቸው ሌብሉን ተቀብለው ወርዱን በጣታቸው ለኩ።

«የኔን ብቻ ከሆነ አይሆንም» አሉ። «ድሩን ያደራው ልጄ ነው። ፈትሉ የእናቱ ነው።»

«እንግዲያውስ የሦስታችሁም ይግባ፣ ጋሼ።»

«የሰፊዋስ?»

ሌብሉን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሰፋ ያለ አዘዘች።